ሰርቨር ክፍል ውስጥ መወልወያ ነበር፦ የኮሌጃችንን ሲስተም የመጠበቅ ሥራ ማስታወሻ

የምሠራው በአንድ የመንግሥት ኮሌጅ አይሲቲ ክፍል ነው። በወረቀት ሦስት ነን። አንዱ ለማስተርስ ስለሄደ እኔና አንድ ታናሽ ባልደረባዬ ብቻ ቀርተናል። ይህን ማስታወሻ የጀመርኩት ለራሴ ነበር፤ ምን እንደነካሁ እንዳልረሳ። በኋላ ሌላ ኮሌጅ ያሉ ጓደኞቼ «ላክልን» ሲሉኝ ትንሽ አጸዳሁት። የኮሌጁን ስም፣ የሰዎቹን ስምና አድራሻዎቹን አውጥቻለሁ። ስድቡንም አውጥቻለሁ።

ኅዳር 2፣ 2018

አንድ ተማሪ በቴሌግራም ስክሪንሾት ላከልኝ። ጉግል ላይ የኮሌጁን ስም ጽፎ ሲፈልግ ከስማችን ሥር በኢንዶኔዥያ ቋንቋ የቁማር ማስታወቂያ ተደርድሯል። «ወንድሜ፣ ኮሌጁ ቁማር ቤት ከፈተ እንዴ?» ይላል ከሥሩ። ሳቅኩ። ከዚያ ራሴ ፈለግኩና ሳቄ ጠፋ።

የሚገርመው ገጹን በቀጥታ ስከፍተው ምንም የለም። የዲኑ ፎቶ አለ፣ የምዝገባ ማስታወቂያው አለ፣ ሁሉም ሰላም ነው። ለዚህ ነው ለወራት ያላየነው። ብሮውዘሬን «እኔ የጉግል ሮቦት ነኝ» እንዲል አድርጌ ድጋሚ ስከፍተው ቁማሩ ወጣ። ለሰው ሌላ፣ ለጉግል ሌላ ገጽ ያሳያል ማለት ነው። ደግሞ አንድ ሁለት ገጽ አይደለም፤ ፎልደሩ ሞልቷል።

ባልደረባዬ «ከእኛ ምን ሊያገኙ ነው? ብር የለን፣ ምስጢር የለን» አለኝ። አድራሻችንን ነው የፈለጉት። የቆየ የትምህርት ተቋም ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገጽ ብዙ ጊዜ ጉግል ዘንድ ይታመናል። ቁማርተኛው የራሱን ገጽ ቢከፍት ማንም አያገኘውም፤ በእኛ ስም ሲመጣ ግን ወደ ላይ ይወጣል። የሰው መታወቂያ ተውሶ ባንክ እንደመግባት ነው።

ኅዳር 3

ሲነጋ መግቢያውን ፈለግን። ገጹ ዎርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ነው፣ በ2012 የተሠራ፣ ከዚያ በኋላ ዜና ከመለጠፍ በቀር ማንም አልነካውም። የተጫኑትን ፕለጊኖች (ዎርድፕረስ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ሳይ ፋይል ማናጀር የሚባለው አለ፤ ስሪቱ 6.4። እዚህ ላይ ቡናዬን አስቀመጥኩ። ይህ ፕለጊን በፈረንጆቹ መስከረም 2020 መጀመሪያ ላይ ቀዳዳ ተገኝቶበት ዓለም የተንጫጫበት ነው። ከ700 ሺህ በላይ ገጾች ላይ ተጭኖ ነበር። ማንም ሰው ፓስወርድ ሳያስገባ የፈለገውን ፋይል ሰርቨርህ (ገጹ ያለበት ኮምፒውተር) ላይ መጫን ይችል ነበር። ስሪት 6.9 ወዲያው ወጥቶ ዘጋው። እኛ ግን አምስት ዓመት ሙሉ በሩን ገርበብ አድርገን ተኝተናል።

የፎቶዎች ፎልደር ውስጥ ገባሁ። እዚያ ምስል ብቻ ነው መኖር ያለበት። ከምርቃት ፎቶዎች መሀል አራት የፒኤችፒ ፋይሎች (ሰርቨሩ የሚያስኬዳቸው የፕሮግራም ፋይሎች) ተሸጉጠዋል፤ የአንዱ ስም ከእውነተኛው የዎርድፕረስ ፋይል ስም በአንድ ፊደል ብቻ ይለያል። ውስጡ አንድ ረጅም የተዘበራረቀ የፊደል ሰንሰለት ነው። እሱን ፈትቶ የሚያስኬድ አንድ መስመር አለ፣ አለቀ። በዚያች መስመር ሰርቨሩ ላይ የፈለጉትን ማዘዝ ይችላሉ። የፋይሉን ቀን ደግሞ ከጎኑ ካሉት ፎቶዎች ጋር አስመስለውታል፣ በቀን ስትደረድር እንዳይወጣ። ልፋታቸውን ሳላደንቅ አላልፍም።

መጀመሪያ አራቱን አጥፍቼ ልገላገል ነበር። ተውኩት። አራት ያየህበት ቦታ አምስተኛው የት እንዳለ አታውቅም። ሙሉውን ገጽ ለማስረጃ ገልብጠን አስቀመጥን። ከዚያ ዎርድፕረሱን ከዜሮ ጭነን ጽሑፉንና ፎቶውን ብቻ እያየን መለስን። የአድሚኖች ዝርዝር ላይ እኛ የማናውቀው አንድ ሰው ነበር፤ ተሰናበተ። የፎቶ ፎልደሩ ውስጥ ምንም ፒኤችፒ እንዳይሠራ ከለከልን። ሁለት ቀን ፈጀብን። ጉግል ላይ ያለው ቁማር እስኪጠፋ ግን ሳምንታት ነው የሚወስደው፤ እስከዚያ ተማሪዎች ይቀልዱብን።

ኅዳር 8

ዲኑ ጠሩኝ። ቢሯቸው ስገባ ፊታቸው ላይ የ2012ቱ ወሬ ነበር። ሰኔ 2012 ላይ፣ የሕዳሴ ግድብ ውሃ ሊሞላ ሲቃረብ፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ (አሁን አስተዳደር) ከግብፅ የተነሳ የሳይበር ጥቃት አከሸፍኩ ብሎ መግለጫ የሰጠውን ማለቴ ነው። ሳይበር ሆረስ የሚባለው ቡድን ስም ያኔ በየሻይ ቤቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሳይበር ጥቃት ሲባል ሰው የሚያስበው አገር ከአገር ሲዋጋ ነው።

«እነሱ ናቸው?» አሉኝ ዲኑ።

«አይደሉም ዶክተር። የእኛዎቹ ባንዲራ የላቸውም። ስማችንንም አያውቁት ይሆናል» አልኳቸው። ፕሮግራም ይለቃሉ፤ ፕሮግራሙ በዓለም ላይ ያለውን ገጽ ሁሉ እያንኳኳ ይዞራል፤ ያልተቆለፈ ሲያገኝ ይገባል። ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ። ጠላት ትልቅ ሲሆን ክብር አለው መቼም።

«እና ምን እንግዛ?» ቀጣዩ ጥያቄ ነው። ከአንድ አቅራቢ የመጣ የፋየርዎል (ወደ ኔትወርክ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚያጣራ መሣሪያ) ፕሮፎርማ ጠረጴዛቸው ላይ አለ። ዋጋውን አልጽፈውም፣ ለእንጀራ ቤት የሚሆን ብር ነው። እኔ ያልኩት ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ምን እንዳለን እንቁጠር። ስንት ኮምፒውተር አለን? ስንት ሰርቨር? ማን ምን ውስጥ ይገባል? አላውቅም። እርስዎም አያውቁም። ያልቆጠርነውን ቤት ዘበኛ ቀጥረን ምን ሊጠብቅልን?

አንድ ወር ሰጡኝ። ብር ግን አልሰጡኝም።

ኅዳር 9 - 12

ቆጠራ። ደብተር ይዘን ቢሮ ለቢሮ ዞርን። ንብረት ክፍል ካለው ዝርዝር ጋር የእኛ አልገጠመም፤ በእኛ በኩል የበለጡም የጎደሉም አሉ።

ሰርቨር ክፍሉን መጨረሻ ላይ አየነው፣ እናውቀዋለን ብለን። ቁልፉ በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ውስጥ መወልወያ፣ ሁለት ባልዲ፣ የአምናው ምርቃት ጋዋን በካርቶን። የጽዳት ሠራተኛዋ ሰርቨሩን እየነቀለች ውሃ ማፍያውን የምትሰካው እሱ ካለበት ማከፋፈያ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት «ኔትወርክ ሄደ» እያልን ቴሌን የረገምንባቸው ጠዋቶች ትዝ አሉኝ። ቴሌን ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ለእነዚያ ቀናት ብቻ።

ሁለተኛው ግኝት ከበድ ይላል። የተማሪ መረጃ ሲስተሙን የሠራልን ድርጅት ከተረከብን በኋላም ሰርቨሩ ላይ ኤኒዴስክ ትቶ ሄዷል፤ ከርቀት መግቢያ ነው፣ ፓስወርዱ ቋሚ። ማን እንደሚያውቀው አናውቅም። ያኔ የመጡት ልጆች አንዳቸውም አሁን እዚያ አይሠሩም። ደወልኩ። «ለሰፖርት እንዲመቸን ነው» አሉኝ። የሰፖርት ውሉ ካበቃ ሁለት ዓመቱ! አነሳሁት። ከዚህ በኋላ መግባት ሲፈልጉ ይደውላሉ፣ እኔ እከፍታለሁ፣ ቁጭ ብዬ አያለሁ፣ እዘጋለሁ።

ካሜራዎቹ ፓስወርዳቸው ፋብሪካ የወጡበት ነው። ራውተሩም እንደዚያው። የመምህራን ዋይፋይ ፓስወርድ ግቢ በር ላይ ካለው ሱቅ ባለቤት ሳይቀር ይታወቃል፤ ለባልደረባዬ የነገረው እሱ ነው።

ኅዳር 19

ዛሬ የደነገጥኩበት ቀን ነው። ልቤ አሁንም አልተመለሰም።

የተማሪዎች ዳታቤዝ በየሌሊቱ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) እንዲወስድ ከሁለት ዓመት በፊት እኔው ስክሪፕት፣ ትንሽ ፕሮግራም፣ ጽፌ ነበር። በየጠዋቱ አዲስ ፋይል ይወጣል፣ ቀኑን ስሙ ላይ ይዞ። ፎልደሩን ከፍቼ አያለሁ፣ የዛሬው ቀን አለ፣ ደስ ብሎኝ እዘጋለሁ። ዛሬ ግን ቆጠራው ላይ «ባክአፕ ተሞክሯል?» የሚል ሳጥን ስለነበረ እንሞክረው ብለን አንዱን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ልመልስ ስል አልመለስ አለ። መጠኑን አየሁ። 0 ኬቢ። የትናንቱ፣ 0። ያለፈው ሳምንት፣ 0። ወደ ታች እያሸከረከርኩ ሄድኩ። ጥቅምት፣ መስከረም፣ ጳጉሜን፣ ነሐሴ፣ ሁሉም 0። ሙሉ ፋይል ያገኘሁት ሚያዝያ ላይ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ሚያዝያ ላይ የዳታቤዙን ፓስወርድ ቀየርኩ፤ ለጥንቃቄ! ስክሪፕቱ ውስጥ ያለውን ግን አልቀየርኩም። ስክሪፕቱ ሌሊት ሲነሳ መጀመሪያ ባዶ ፋይሉን ይፈጥራል፣ ከዚያ ዳታቤዙን «አስገባኝ» ይላል፣ ዳታቤዙ ይከለክለዋል፣ ባዶው ፋይል ቀኑን ይዞ ይቀመጣል። ለሰባት ወር በየሌሊቱ ባዶ ጆንያ እየቋጠረ መጋዘን ሲደረድር ነበር። እኔም ጆንያ እየቆጠርኩ።

በዚያ ላይ ባክአፑ የሚቀመጥበት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከራሱ ከሰርቨሩ ጋር ሁልጊዜ እንደተሰካ ነው። ፋይል ቆልፎ ብር የሚጠይቀው ራንሰምዌር ቢገባ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የሚቆልፈው።

ለዲኑ ሄጄ ነገርኳቸው። መደበቅ ይቻል ነበር፣ ማንም አያውቅም። ዝም ብለው ሰሙኝና «አሁንስ አለ?» አሉኝ። «ዛሬ ማታ ይኖራል» አልኩ።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ጨረስኩ። አዲሱ አካሄድ፦ ሦስት ቅጂ። አንዱ ሰርቨሩ ላይ፣ አንዱ ሌላ ሕንፃ ባለ ማሽን ላይ፣ አንዱ ተነቅሎ በፋይናንስ ካዝና ውስጥ የሚቀመጥ ዲስክ። ዲስኩ ሁለት ነው፣ በየዓርቡ ይለዋወጣል። ፋይሉ ከተወሰነ መጠን በታች ከሆነ ስክሪፕቱ በቴሌግራም ይጮህብኛል። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ከምር እንመልሰዋለን፣ ባዶ ማሽን ላይ፣ አንድ ተማሪ መርጠን ውጤቱን ከወረቀት ጋር እስክናስተያይ።

ታኅሣሥ 7

አሁን የሬጅስትራሩ ታሪክ። ይህንን ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉም የተማርኩበት ይህ ነው።

አንድ የትምህርት ክፍል ኃላፊ የታተመ ውጤት ይዘው መጡ። ወረቀቱ «ሲ» ይላል፣ ሲስተሙ «ቢ» ይላል። መምህሩ ለትምህርት ውጭ ነው፣ ስልኩ አይነሳም። ከቁማሩ ወሬ በኋላ ስለሆነ ግቢው በአንድ ቀን «ሃክ ተደርገናል» አለ። አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ።

ሲስተሙ ማን መቼ ምን እንደነካ የሚመዘግብበትን ሎጉን አትሜ ገባሁ። ለውጡ የተደረገው ጥቅምት 18 ቀን፣ 05:40 ላይ፣ «ሬጅስትራር1» በሚል አካውንት። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ዞረ።

ዲኑ አነበቡት፦ «በፈረንጅ 05:40፣ ሊነጋጋ ሲል 11 ሰዓት ከ40 ነው። ግቢው ዝግ ነው። ሌባ ነው።»

የፋይናንስ ኃላፊው ተቀበሉ፦ «ኧረ በእኛ 5:40 ነው፣ ረፋድ ላይ። ከሻይ በኋላ።»

ጥበቃው ጋሼ ለምስክርነት ተጠርተው ስለነበር «እኔ በ11 ሰዓት ማንንም አላስገባሁም!» ብለው ተነሱ። ሰውየው ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸው።

ሁለቱም ትክክል አልነበሩም። ሰርቨሩ ሲጫን ሰዓቱ በዓለም አቀፉ፣ በዩቲሲ፣ እንደሆነ ነው የቀረው። ስለዚህ 3 ሰዓት ጨምር፦ 8:40። ያ በፈረንጅ ነው። በእኛ ከጠዋቱ 2:40። ቢሮ ተከፍቶ አሥር ደቂቃው። ሌባው በሥራ ሰዓት፣ በሥራ ወንበር ላይ ነበር። ጋሼ ቁጭ አሉ።

ካሜራ እንይ ተባለ። የካሜራው መቅጃ ባትሪው ሞቶ መብራት በሄደ ቁጥር ወደ ጃንዋሪ 1፣ 2000 ይመለሳል። ካሜራው እንደሚለው እኛ ገና አልተወለድንም።

«እሺ ሬጅስትራር1 ማን ነው?» አሉ ዲኑ። ዝም አልኩ። ሬጅስትራር1 አምስት ሰው ነው። ፓስወርዱ ግድግዳው ላይ ያለው ካላንደር ጠርዝ ላይ በእስክሪፕቶ ተጽፏል። እንኳን በዚያ ቀን ማን እንደነካ፣ አካውንቱን በዚህ ዓመት ማን ማን እንደተጠቀመበት ማወቅ አልተቻለም።

ታኅሣሥ 16

ተገኘ። የውጤት ማስተካከያ ፎርም ነው፤ የመምህሩና የያኔው የክፍል ኃላፊ ፊርማ አለበት፣ የማኅተሙ ቀን ጥቅምት 17። የፈተና ወረቀት ሲደመር ስህተት ተሠርቶ ነበር። በሌላ ትምህርት ክፍል ቦክስ ፋይል ውስጥ ተቀላቅሎ ተቀመጠ እንጂ ሁሉም ሕጋዊ ነው። ያገኙት የሬጅስትራር ኃላፊዋ ናቸው፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቦክስ ፋይል ሲያገላብጡ ከርመው።

ማለትም ሃክ አልተደረግንም ነበር። ግን ብንደረግም አናውቅም ነበር! በዚህ ዘጠኝ ቀን ውስጥ አምስት የቢሮ ሠራተኞች በጥርጣሬ ሲታዩ ከረሙ፣ ሁለቱ እርስ በርስ መነጋገር አቆሙ። ይህ ጉዳት ሎግ ላይ አይወጣም።

ከሰዓት በኋላ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን አካውንት ልከፍት ሄድኩ። ኃላፊዋ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ልጄ፣ እንግዲህ ይህንን ሁሉ እንዴት ነው የማስታውሰው? በየቀኑ ልደውልልህ ነው?»

«እትዬ፣ የሚያስታውሱትን አንድ ነገር በአራት ቃል ይጻፉ። ሰው የማያውቀው፣ እርስዎ የማይረሱት።»

ትንሽ አሰቡና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ጻፉ። ረጅም ነበር፣ ሲተይቡ ሰማሁ። ሲጨርሱ ፈገግ አሉ። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። እስከዛሬ አልደወሉም።

ከዚህ በኋላ ውጤት የሚቀይረው አንድ ሰው፣ የሚያጸድቀው ሌላ ሰው ነው። የፎርሙ ቁጥር ካልገባ ሲስተሙ አይቀበልም። ይህችን ለማስጨመር የሶፍትዌሩ ድርጅት ብር ጠየቀን፤ ባልደረባዬ በሁለት ምሽት ራሱ ሠራት። ሰዓቱንም ሁሉም ማሽን ላይ ከአንድ ምንጭ እንዲያገኝ አድርገን በኢትዮጵያ የሰዓት ቀጠና አስተካከልን። ጋሼ ሲያዩኝ አሁንም «ስንት ሰዓት ነው?» እያሉ ይቀልዱብኛል።

ስለ ሎግ አንድ ነገር ላክል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ፣ 958/2008፣ አገልግሎት ሰጪ የትራፊክ ዳታ (ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየውን መረጃ) ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያስቀምጥ ያዛል። ኮሌጅ እዚያ ውስጥ ይገባል አይገባም የሕግ ሰው ይከራከርበት። እኛ ግን ሎግ አንድ ዓመት እንዲቆይ አደረግን፣ ሌላ ማሽን ላይም ይላካል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም ከ2016 ጀምሮ አለ፣ ቁጥሩ 1321። የተማሪ ውጤት በቴሌግራም ግሩፕ በኤክሴል የምትለጥፉ መምህራን፣ ይህ ለእናንተ ነው። ስልክ ቁጥር ያለበት አምድ ሳይቀር ነው የምትለጥፉት እኮ።

ታኅሣሥ 22

ላቦራቶሪዎቹ። እዚህ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ኮምፒውተር ላብ የነካ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ፍላሽ ትሰካለህ፣ ፎልደሮችህ ሁሉ ሾርትካት ይሆናሉ። ቫይረሱ ዋናውን ፎልደር ደብቆ በቦታው ሐሰተኛ አዶ ያስቀምጣል፤ አንተ ፎልደርህን የከፈትክ ሲመስልህ እሱን ታስነሳዋለህ።

ምንጩ ደግሞ እኛው ነን። ዊንዶውሶቹ የተከፈቱት በአክቲቬተር፣ ፈቃድ ሳይገዛ ዊንዶውስ በሚከፍት ፕሮግራም፣ ነው፤ እሱን ስትጭን መጀመሪያ የሚልህ «አንቲቫይረስህን አጥፋ» ነው። «ውሻህን እሰርልኝ፣ ልገባ ነው» ብሎ የሚለምን እንግዳ እኮ ነው። ይኸው ስንት ዓመት እያሰርንለት!

ዊንዶውስ 10 ራሱ ጥቅምት 4 ቀን ድጋፉ አብቅቷል። የላብ 2 ማሽኖች 11ን አይሸከሙም። እነዚያን በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱ የሚባለውን ነጻ ሲስተም ጫንባቸው። ተማሪዎቹ አንድ ቀን አጉረመረሙ፣ በሁለተኛው ቀን ለመዱት፤ መምህራኑ ናቸው እስካሁን የሚያጉረመርሙት። በቀሩት ላይ ዲፕ ፍሪዝ የሚባለውን ፕሮግራም መለስን፣ ማሽኑ ሲጠፋና ሲበራ ወደ ንጹሁ ይመለሳል። የመውጫ ፈተና ከ2015 ጀምሮ በኮምፒውተር ስለሆነ ላብ አሁን ላብ ብቻ አይደለም፣ ፈተና አዳራሽ ነው። በፈተና ቀን ሾርትካት ልናጸዳ አንችልም።

ታኅሣሥ 25

የኮፒ ማሽኑ ነገር። ሁላችሁም ጋ ሊኖር ስለሚችል ነው የምጽፈው።

ኔትወርኩን ስንፈትሽ 445 የሚባለው ፖርት (የኔትወርክ በር) በየቦታው ክፍት ነው፣ አሮጌው የፋይል መጋሪያ ቋንቋ፣ ኤስኤምቢ 1፣ ደግሞ እንደበራ ነው። ዋናክራይ የሚባለው ራንሰምዌር በግንቦት 2009 የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ጨምሮ ዓለምን ያጥለቀለቀው በዚህ መንገድ ነው። ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን የለቀቀው ከጥቃቱ ሁለት ወር ቀድሞ ነበር፤ የተጠቁት አፕዴት ያላደረጉት ናቸው። እኛ ሁሉም ማሽን ላይ አጠፋነው። በነጋታው የዲኑ ጸሐፊ መጣች። «ስካን አይሠራም።»

ኮፒ ማሽኑ አሮጌ ነው፤ የተቃኘውን ወረቀት ወደ ጋራ ፎልደር የሚልከው በዚያ አሮጌ ቋንቋ ብቻ ነው። ሌላ አያውቅም። ስለዚህ ለአንድ ማሽን ተብሎ ኮሌጁ በሙሉ በሩን ከፍቶ ኖሯል። ማሽኑን ለብቻው አጥር ውስጥ አስገባነው፤ ከአንድ ኮምፒውተር በቀር ማንንም አያይም። ጸሐፊዋ ደስተኛ አይደለችም፣ ሁለት እርምጃ ተጨምሮባታል። ቡና ጋበዝኳት።

ጥር 6

ከገና መልስ። ፋየርዎል አለን! የተገዛ አይደለም። ከተወገዱ ኮምፒውተሮች መሀል ሻል ያለውን መርጠን ሁለተኛ የኔትወርክ ካርድ ጨመርንለትና ፒኤፍሴንስ የሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር ጫንበት። ኔትወርኩን በአራት ከፈልነው፦ ሬጅስትራርና ፋይናንስ፣ መምህራን፣ ላብ፣ ዋይፋይ። ከላብ ተነስቶ ወደ ሬጅስትራር መግባት የለም። ሁለት ስዊቾች (የኔትወርክ ገመዶችን የሚያገናኙ ሳጥኖች) ይህን መከፋፈል አይችሉም፤ እነሱ ይገዛሉ። ግዥ ክፍል «ሂደት ላይ ነው» ብሏል፣ ትርጉሙን ታውቁታላችሁ።

የመጀመሪያውን ሌሊት ሎግ ጠዋት ከፍቼ አየሁት። ከውጭ «ሩት»፣ «አድሚን»፣ «ቴስት» እያለ ፓስወርድ የሚሞክር ሰልፍ ነው፣ በየጥቂት ሰከንዱ፣ ሌሊቱን ሙሉ። ዲኑን ጠርቼ አሳየኋቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ይሄ ከዛሬ ጀምሮ ነው?»

«ሁልጊዜም ነበር ዶክተር። ዛሬ ነው ያየነው።»

ለረጅም ጊዜ ስክሪኑን አዩ። ከዚያ ስለ ስዊቾቹ ግዥ ክፍል ደወሉ፣ እዚያው ወንበሩ ላይ ሆነው።

ጥር 14

የግማሽ ቀን ሥልጠና ሰጠን። ጥበቃም ጽዳትም መጡ፤ እነሱ ይቅሩ ያሉ ነበሩ፣ አልተስማማሁም። ሰርቨሩን በየጠዋቱ የምትነቅለውን ሴት ሳትጠራ ስለ ሰርቨር ደኅንነት ምን ታወራለህ? ስላይዱ ላይ ብዙ አልቆየንም። በቴሌግራም «ለእህቴ ልጅ ድምፅ ስጡልኝ» ብሎ ሊንክ የሚልከውንና የመጣልህን ቁጥር የሚጠይቀውን አሳየናቸው። ከተሰብሳቢው ሦስት ሰው እጅ አወጣ፣ ተበልተዋል። አንዷ መምህርት በራሷ አካውንት ከጓደኞቿ ብር እንደተለመነባት ተነስታ ተናገረች። ከእኔ ሃያ ስላይድ የእሷ አምስት ደቂቃ በለጠ።

ጥር 22

የመጀመሪያው ሙሉ ልምምድ። ሰርቨሩ ሞተ ብለን አሰብን፤ የኔትወርክ ገመዱን ነቀልነው፣ ባልደረባዬን «ሂድ መልሰው» አልኩት፣ እኔ እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። ዲስኩን ከካዝና ለማውጣት የፋይናንስ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ስለነበሩ 50 ደቂቃ ጠበቅን። መመለሱ ራሱ 35 ደቂቃ ፈጀ። ሁለተኛ የካዝና ቁልፍ ማን ጋ እንደሚሆን ለዲኑ ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ሲመለስ እትዬ መጥተው አንድ ተማሪ መረጡ። ያንኑ ተማሪ፣ የ«ሲ» እና «ቢ»ውን። ከፈትነው። «ቢ» ይላል፣ ከጎኑ የፎርም ቁጥር አለው፣ ከጎኑ የሁለት ሰው ስም። ፎርሙን ከቦክስ ፋይሉ አውጥተው ስክሪኑ አጠገብ ያዙት፣ በጣታቸው ቁጥሩን እየተከተሉ አነበቡ።

«ገጥሟል» አሉና ወደ ቢሯቸው ሄዱ።

መወልወያው ከሰርቨር ክፍል ወጥቷል። ቁልፉ ጋሼ ጋ ነው፣ መዝገብ ላይ ካልፈረምክ አይሰጡም። ትናንት እኔንም አስፈርመውኛል፤ ሰዓቱን በኢትዮጵያ ጻፍ ብለው።